በአንድ ጨዋታ

ሆሳዕና ውስጥ «እገሌ ተመለሰ» ከተባለ ሰሚው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ከደቡብ አፍሪካ ነው ወይስ ወደ ጌታ?» ሦስተኛ ዓይነት መመለስ በከተማችን አይታወቅም፡፡ እኔ ግን የተመለስኩት ከደቡብ አፍሪካም ወደ ጌታም አይደለም፡፡ ወደ ቤቲንግ ነው፡፡

አትሳቁ፤ ኑዛዜ ነው፡፡ ባልደረቦቼ በዚህ ገጽ ላይ ስለ አገርና ስለ ዓለም ሲጽፉ እኔ ተራዬ ሲደርስ ይዤ የቀረብኩት የሃያ ብር ወሬ ነው፡፡ «ሃያ ብር ደግሞ ምን አላት?» የምትሉ ትኖራላችሁ፡፡ እኔም በትክክል እንደዚያ ብዬ ነው የተመለስኩት፡፡

ታሪኩ የሚጀምረው ከእግር ኳስ ሳይሆን ከካርታ ነው፡፡ በ2005 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሳንቲማችንን አዋጥተን ኢንተርኔት ቤት እንገባና ፌስቡክ ላይ ዚንጋ ፖከር እንጫወት ነበር፡፡ አንዱ ማውስ ይይዛል፣ አራታችን ከጀርባው ቆመን እናዝዘዋለን፡፡ ኮኔክሽኑ የሚቆራረጠው ሁልጊዜ ጥሩ ካርታ ሲደርሰን ነበር፡፡ ገንዘቡ የውሸት ቺፕ ስለሆነ ሚሊዮን ተበልተን እየሳቅን ወደ ቤታችን እንሄዳለን፡፡ በነጋታው ጨዋታው ራሱ ነጻ ቺፕ ይሰጠንና «ሀ» ብለን እንጀምራለን፡፡ የትናንቱን ሚሊዮን የሚጠይቀን የለም፡፡ ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ፡፡

ከዚያ ቤቲንግ መጣ፡፡ ዕጣ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ አባቶቻችንም ቲኬቷን ኪሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ዕጣው እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቁ ነበር፡፡ ቤቲንግ ግን ሳምንታት አያስጠብቅም፡፡ ዘጠና ደቂቃ ነው፡፡ ዕድሉ ካልቀናህ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ጨዋታ አለ፡፡

ምን ያህል እንደተነከርኩ ለማሳየት አንድ ነገር ልንገራችሁ፡፡ መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና የዓለምን ኳስ ሲዘጋ ሳይዘጉ ከቀሩት ጥቂት ሊጎች አንዱ የቤላሩስ ነበር፡፡ እኔና ጓደኞቼ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤላሩስ ሊቃውንት ሆንን፡፡ ጎፈር ሜዳ ላይ ቆሞ የባቴ ቦሪሶቭን ተከላካይ የሚተነትን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ነው ያያችሁት፡፡ ቤላሩስ በካርታ ላይ የት እንዳለች ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም ነበር፡፡

በዚያው ወር፣ በመጋቢት 2012፣ ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ተከፍቶ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ 14ቱ ተርፈዋል፡፡ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ፡፡ የዚያን ቀን ማታ በሆሳዕና ስልክ ያልደወለ ቤት ያለ አይመስለኝም፡፡ እኛም ደወልን፡፡ ታላቅ ወንድሜ በዚያው መንገድ ያለፈው ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ጆሃንስበርግ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፡፡ ይህን እያወቅን ደወልን፡፡ ድምፁን ሰምታ እማዬ ስልኩን ለእኔ ስትሰጠኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡ ይህንን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም፡፡ በእኛ ቤት ትልቁን ውርርድ የተወራረድኩት እኔ እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው፡፡

*

አሁን ወደ ኃጢአቴ፡፡

ኅዳር 2015፣ የኳታር የዓለም ዋንጫ፡፡ ወንድሜ ከጆሃንስበርግ 4,500 ብር ላከ፡፡ የጓዳው ጣሪያ ዝጎ ስለሚያፈስ ስድስት ቆርቆሮ እንድገዛ ነው፡፡ ብሩ እኔ እጅ ላይ ደረሰ፡፡ እኔ ደግሞ በራሴ ገንዘብ ትንሽ ትንሽ ስጫወት ሰንብቼ «እርግጠኛ የሆነ ነገር ካገኘሁ…» የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር፡፡ እርግጠኛ የሆነ ነገር ተገኘ፡፡ ሦስት ጨዋታ፤ እንግሊዝ ኢራንን፣ አርጀንቲና ሳዑዲ ዓረቢያን፣ ፈረንሳይ አውስትራሊያን ያሸንፋሉ፡፡ ልጅ ይህንን ይስታል? ብሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው ነበር፡፡ ቆርቆሮው ይገዛል፤ ምስማሩና የአናጢው ከትርፉ ይከፈላል፤ ለእኔም ጫማ ይተርፋል፡፡ ሁሉም ተሰልቷል፡፡

እንግሊዝ ኢራንን 6 ለ 2 አሸነፈች፡፡ በነጋታው ኅዳር 13 ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አርጀንቲና ገባች፡፡ ሜሲ በአሥረኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ፡፡ ከዚያ ሦስት ጎል አገቡ፤ ሦስቱም ከጨዋታ ውጪ ተባሉ፡፡ እኔ ግን አልፈራሁም፤ እንዲያውም ማኪያቶ አዘዝኩ፡፡ ከዕረፍት መልስ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሳዑዲ ሁለት አገባች፡፡ የቀረውን ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም፡፡ ማኪያቶው ሳይጠጣ እንደቀዘቀዘ ብቻ ትዝ ይለኛል፡፡

የባሰው ማታ መጣ፡፡ ፈረንሳይ 4 ለ 1 አሸነፈች፡፡ ማለትም የተበላሁት በአንድ ጨዋታ ነው፡፡

«በአንድ ጨዋታ» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የከተማ ልጅ አለ ብዬ አላምንም፡፡ ቅዳሜ ማታ የትኛውም ቡና ቤት ግቡ፤ አንዱ ጠረጴዛ እየመታ «በአንድ ጨዋታ በላኝ!» ሲል ትሰማላችሁ፡፡ የሚያወራው ግን እንደተሸነፈ ሰው አይደለም፡፡ ለማሸነፍ ትንሽ እንደቀረው ሰው ነው፡፡

ለእማዬ ምን አልኳት? «ቆርቆሮ ጨምሯል፤ ትንሽ እንጠብቅ፡፡» በዚህ አገር የዚህን ያህል የሚታመን ውሸት የለም፡፡ ምን ያልጨመረ ነገር አለ? እማዬ «እሺ ልጄ» አለችና ዝናብ ሲመጣ ከሚያፈስበት ስር የምታስቀምጠውን ሳፋ ወደ ቦታው መለሰች፡፡ ለወንድሜም ያንኑ በስልክ ደገምኩለት፡፡ በዚያው ሳምንት ቤቲንግ አቆምኩ፤ የስልኬን አፕሊኬሽን ሁሉ አጠፋሁ፤ ማልኩ፡፡

*

ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ቆየሁ፡፡ ማቆም ከባድ ነው የሚሉት ገንዘቡን የሚናፍቁ ናቸው፡፡ እኔን የከበደኝ ወሬው ነው፡፡ ቅዳሜ ከሰዓት የፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ኳስ ወደሚታይበት ስሄድ ሁሉም የሚያወሩት በቲኬት ቋንቋ ነው፡፡ «ኦቨር ነው የያዝኩት»፣ «ሁለቱም ያገባሉ ብያለሁ»፣ «ይሄ ከገባ አራት ሺህ ነው»፡፡ ጎል ሲገባ ግማሹ ቤት ይጮኻል፤ ግማሹ ፀጉሩን ይነጫል፡፡ እኔ መሐል ላይ ተቀምጬ «ጥሩ ጎል ነው» እላለሁ፡፡ ማን ይሰማኛል? መጠጥ ያቆመ ሰው ሠርግ ላይ የሚሰማው ይሄው ሳይሆን አይቀርም፡፡

ጥር 2017 ላይ፣ ጥምቀት ሰሞን፣ ተመለስኩ፡፡ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ በሕግ ነው፡፡

ሕጉን የወሰድኩት ከፖከር ተጫዋቾች ነው፡፡ በዓለም ላይ በእውነተኛ ገንዘብ፣ ግን በሳንቲም ደረጃ፣ ኢንተርኔት ላይ ፖከር የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፡፡ አንድና ሁለት ሳንቲም የሚያስይዙበት ጠረጴዛ ነው፡፡ ቁም ነገረኞቹ ለጨዋታ የሚሆነውን ገንዘብ ከኑሮ ገንዘብ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ውስጥ ከሃያ አንዱን እጅ ብቻ ይዘው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ይመክራሉ፤ እያንዳንዱን ጨዋታም ይመዘግባሉ፡፡ ይህን ሳነብ «ይሄ ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ አያያዝ ነው» አልኩ፡፡ ሃምሳ ገጽ ደብተር ገዛሁና የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ሕግ ጻፍኩ፡፡ አንድ፣ በሳምንት 20 ብር፣ ሳንቲም አይጨመርም፡፡ ሁለት፣ አንድ ቲኬት ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ፡፡ ሦስት፣ ሀዲያ ሆሳዕና ላይ ገንዘብ አይያዝም፤ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ከልጅነቴ ጀምሮ የጮህኩለትን ክለብ በሃያ ብር አልለካም፡፡ አራት፣ ሁሉም ይጻፋል፡፡

ለምን «አንድ ጨዋታ ብቻ» እንዳልኩ ላስረዳ፤ ይህችን ስሌት ብዙ ሰው ሳይሠራት ነው ቲኬት የሚቆርጠው፡፡ ልክ እንደ ሳንቲም ውርወራ እኩል ለእኩል የሆነ ነገር እንውሰድ፡፡ ትክክለኛው ኦድ 2 ነው፤ አሥር ብር ካስያዝክ ሃያ ብር፡፡ ቤቱ ግን 1.85 ይሰጥሃል፡፡ ልዩነቷ የቤቱ እንጀራ ናት፡፡ አንድ ጨዋታ ላይ ትንሽ ትመስላለች፡፡ ስምንት ጨዋታ ስትደራርብ ግን ስምንት ጊዜ ትቆረጣለህ፡፡ ስምንቱንም የማግኘት ዕድልህ ከ256 አንድ ነው፤ ስለዚህ በአሥር ብር ሊከፈልህ የሚገባው 2,560 ብር ነበር፡፡ በ1.85 ሲባዛ ግን የሚደርስህ 1,372 ብር ገደማ ነው፡፡ ግማሽ ያህሉ የት ሄደ? ይህ እንግዲህ አሸንፈህም ነው፡፡ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕጣ ገቢ ላይ የጣለውን 15 በመቶ ገና አልነካሁትም፡፡

ፖከር በዚህ ይለያል፡፡ እዚያ አዘጋጁ ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል እንጂ ተቃዋሚህ እንዳንተው የሚሳሳት ሰው ነው፡፡ ከእሱ ከበለጥክ በትንሹም ቢሆን ልታተርፍ ትችላለህ፡፡ ቤቲንግ ላይ ግን ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? ዋጋውን አስቀድሞ ከጻፈው ሰው ጋር፡፡ እሱ ጠረጴዛው ላይ የለም፤ አይሰክርም፤ የማንቼ ደጋፊም አይደለም፡፡

«በአንድ ጨዋታ» የምትለዋስ? በስምንት ጨዋታ ቲኬት ሰባቱ ገብተው አንዱ ብቻ የሚቀርበት መንገድ ስምንት ነው፤ ሁሉም የሚገባበት መንገድ ግን አንድ፡፡ ስለዚህ አንዴ ስታሸንፍ ስምንት ጊዜ «በአንድ ጨዋታ» ትበላለህ ማለት ነው፡፡ ጓደኛችን ጠረጴዛ የሚመታው ዕድለ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ ስሌቱ እንደዚያ ስለሆነ ነው፡፡

ይህን ሁሉ እያወቅኩ 25 ሳምንት ተጫወትኩ፡፡ ክረምት ሊጎች ሲዘጉ እንኳ አረፍኩ እንጂ ወደማላውቀው አገር ሊግ አልሄድኩም፡፡ መስከረም 2018 ላይ ደብተሬን ደመርኩ፡፡ ያወጣሁት 500 ብር፣ የተመለሰልኝ 418 ብር፣ ኪሳራ 82 ብር፡፡ ሁለት ሦስት ማኪያቶ ናት፡፡ በዚያች ዋጋ ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜን ከጓደኞቼ ጋር ጮኼአለሁ፡፡ አንድም ሕግ አልጣስኩም፡፡ ደብተሩን ዘግቼ «አየህ፣ ሰው ራሱን መግዛት ይችላል» አልኩ፡፡ በራሴ ኮራሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

*

በከተማችን ያ ሰሞን የያሆዴ ዝግጅት ነው፡፡ ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስቀል ጋር ይገጥማል፡፡ ወንዶች ለበሬው ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት ማኅበር አላቸው፡፡ ሴቶች ደግሞ ዊጆ አላቸው፤ የቅቤ ዕቁብ በሉት፡፡ እያንዳንዷ እናት በየተራው ትንሽ ትንሽ ቅቤ ታዋጣለች፤ አንዷ ጠቅላላውን ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ሌላዋ፡፡ ያሆዴ ሲደርስ አተካና የሚሠራበት ቅቤ በየቤቱ ሙሉ ነው፡፡ የእማዬ ዊጆ ደርሷት ያን ሰሞን ቤታችን በቅቤ ሽታ ተሞልቶ ነበር፡፡ እኔ የስሌት ሰው ሆኜአለሁና ተቀምጬ አሰላሁት፡፡ የምታዋጣው ትንሽ፤ የምትወስደው ብዙ፤ የሚቆርጥ ቤት የለም፤ ተራው የማይደርሳት ሴት የለችም፡፡ ማንም በአንድ ጨዋታ አይበላም፡፡

እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው፣ አንድ ጽሑፍ ቤት ሊያስተይብ የመጣ ደንበኛ እስክሪብቶ ሲጠይቀኝ መሳቢያ ከፍቼ ደብተሬን ያነሳሁት፡፡ ከኋላ ተገለጠ፡፡ መጨረሻው ገጽ ላይ ጽሑፍ አለ፡፡ የእኔ እጅ ጽሑፍ አልነበረም፡፡

የታናሼ ነው፡፡ ልክ እንደ እኔ አራት ዓምድ አስምሯል፤ ቀን፣ ጨዋታ፣ ያስያዝኩት፣ ያገኘሁት፡፡ በ20 ብር ይጀምራል፡፡ 20፣ 20፣ 20፡፡ ከዚያ 50፡፡ ከዚያ እንደገና 50፡፡ 100፡፡ 200፡፡ የመጨረሻው መስመር 1,200 ብር፣ ስምንት ጨዋታ፡፡ «ያገኘሁት» በሚለው ዓምድ ላይ ቁጥር የለም፡፡ «በአንድ ጨዋታ» ይላል፡፡ ስር ደግሞ በትንሽ ፊደል፣ «ይመለሳል»፡፡

የ1,200 ብሩን ምንጭ መጠየቅ አላስፈለገኝም፡፡ ታላቃችን ለኮሌጅ ምዝገባ የላከለት ነው፡፡

ማታ ሱቁን ዘግተን ወደ ቦብቾ በእግር ስንሄድ አነሳሁበት፡፡ እንደ ታላቅ ወንድም ተቆጣሁ፡፡ «ገና ሃያ ዓመትህ ነው! በራቸው ላይ እንኳ ከ21 በታች አይገባም ብለው ለጥፈዋል! ስምንት ጨዋታ ድርብርብ? ስሌቱን አላሳየሁህም?» አልኩት፡፡ ዝም ብሎ ሰማኝ፡፡ ከዚያ እንዲህ አለኝ፡፡

«ስሌቱን አሳይተኸኛል፡፡ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ2016 ስፈተን አገር አቀፍ ያለፈው 5.4 በመቶ ነው፡፡ አንድን ለዚያ አካፍለው፤ ኦዱ አሥራ ስምንት ተኩል ነው፡፡ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ላይ አስያዝ ስትለኝ ዕድሜህ አልደረሰም አላልከኝም፡፡ ጋሼም ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ኦዱን የጠየቀ አልነበረም፡፡ እኔ የአንተን ደብተር አየሁ፡፡ በሕግ ከሆነ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ጀመርኩ፡፡ ከዚያ ሕጉ አልያዘኝም፡፡»

መልስ አልነበረኝም፡፡ እስከ ዛሬም ስለ ፈተናው ለተናገረው መልስ የለኝም፡፡ ፈተና ቁማር አይደለም፤ የተማረው ትምህርት ከእሱ ጋር ይቀራል፤ ይህንን እናገር ነበር፡፡ ግን ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ስንት ዲግሪ ኮፒ እንደማደርግ እሱም ያያል፡፡ የነደደኝ ግን ሌላ ነው፡፡ «የአንተን ደብተር አየሁ» ያለው፡፡ እኔ በሃያ ብር ራሴን ስገዛ ለእሱ ደግሞ ፈቃድ እየጻፍኩለት ነበር፡፡ የ82 ብር ኪሳራ ደብተር አንድ ቁማርተኛ ለታናሹ ሊያሳየው ከሚችለው ነገር ሁሉ አደገኛው ነው፡፡ ቢያንስ ቤቱን የሸጠ ሰው ያስፈራል፡፡

ስለዚህ እንዲያስፈራው ብዬ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት፡፡ ስለ አርጀንቲና፡፡ ስለ ቆርቆሮው፡፡ ስለ 4,500 ብር፡፡

ቆም አለ፡፡ የመንገዱ መብራት ስር ነበርን፡፡ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ታዲያ ይሄ ለምን ደብተሩ ላይ የለም?»

*

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን ልመልሳት፡፡ ዚንጋ ፖከር፤ የተበላ ሰው በነጋታው ነጻ ቺፕ የሚያገኝበት ጨዋታ፡፡ ደብተሬ ማለት እሱ ነበር፡፡ ሁለት ዓመት አቋርጬ ስመለስ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ሒሳቡን ከዜሮ ጀመርኩ፤ ሕግ የማይጥስ ንጹሕ ሰው ሆንኩ፡፡ ማቋረጤን እንደ ክፍያ ቆጠርኩት፡፡ አለመጫወት ግን ዕዳ አይከፍልም፡፡ ጣሪያው ያን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያፈስ ነበር፡፡ እኔ ደግሞ ከጣሪያው ስር እየተኛሁ «ሁሉም ይጻፋል» የሚል ሕግ ያለው ደብተር ይዤ እዞር ነበር፡፡

ቤት ስንደርስ እማዬ ምድጃው አጠገብ ነበረች፡፡ ታናሼ አየኝ፡፡ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም፤ በቆምኩበት ነገርኳት፡፡ ብሩን፣ ጨዋታውን፣ ውሸቱን፡፡ ስጨርስ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፡፡ እሳቱን እያስተካከለች እንዲህ አለች፤

«ቆርቆሮ የጨመረው በዓመቱ ነው፡፡ ያኔ አልጨመረም ነበር፡፡»

ያኔውኑ ታውቅ ኖሯል! ባለሱቁን ጠይቃቸው ነበር፤ ለካ ዕድራቸው አንድ ነው፡፡ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት፡፡ «እስክትነግረኝ ጠበቅኩ» አለች፡፡ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር፡፡ ዊጆ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ ሌላ ነው፡፡ ቀጥላም ወደ ታናሼ ዞር ብላ፣ «የአንተስ?» አለችው፡፡ እሱም የራሱን ነገራት፡፡ ከእኔ ይልቅ እሱ ቀለለው፤ ሦስት ዓመት አላቆየውምና፡፡

ያን ማታ ታናሼ ደብተሩን አምጥቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከአራቱ ሕጎቼ በላይ በቀረችው ቦታ፣ «ኅዳር 2015፣ 4,500» ብሎ ጻፈ፡፡ ከዚያ ደመረ፡፡ የእኔ ኪሳራ 4,582 ብር፡፡ የእሱ፣ የተመለሰለት 95 ብር ተቀንሶ፣ 1,565 ብር፡፡ ሁለቱንም አሰመረባቸው፡፡ ያሆዴ ካለፈ በኋላ ለታላቃችን ደወልን፤ ሁለታችንም በየተራ ተናገርን፡፡ ምን እንዳለን እዚህ አልጽፍም፤ የሚገባንን ነው ያለን፡፡

እንግዲህ እናንተ «አቆምክ ወይ?» ትሉኛላችሁ፡፡ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ቲኬት አልቆረጥኩም፡፡ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም፤ ባለፈው ጊዜም ምዬ ነበር፡፡ አሁንም ቅዳሜ ኳስ ለማየት እሄዳለሁ፡፡ አሁንም ጎል ሲገባ «ጥሩ ጎል ነው» ብዬ ብቻዬን እቀራለሁ፡፡ ታናሼ አንዳንድ ጊዜ አብሮኝ ይመጣል፤ እሱም «ጥሩ ጎል ነው» ይላል፡፡ ሁለት ሆነናል፡፡

በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ብር እማዬ ጋ እናስቀምጣለን፡፡ በዚህ ፍጥነት ጣሪያው መቼ እንደሚያልቅ ታናሼ አስልቶ ሳቀ፡፡ እኔም ሳቅኩ፡፡ ቆርቆሮ ደግሞ አሁን የእውነት ጨምሯል፡፡

ሳፋው ቦታው ላይ ነው፡፡ ስድስት ቆርቆሮ ይጎድለናል፡፡